ምርጫ ሊደርስ ሲል የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ለምን ይዋዥቃሉ?

ሰኞ ዕለት አንድ ጥናት ይወጣል፤ አንደኛው ዕጩ 48 ለ46 እየመራ ነው ይላል። ሐሙስ ሌላ ጥናት ይመጣና ነገሩን ይገለብጠዋል፤ አሁን 48 ለ46 የሚመራው ተቀናቃኙ ነው። ቅዳሜ ሦስተኛው ይወጣና ሁለቱም እኩል ናቸው ይላል። የደጋፊው ልብ አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ተንታኞች ደግሞ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ምን ተፈጠረ ብለው ምክንያት ፍለጋ ይገባሉ። አንዱ ያ ንግግር ነው ይላል፣ ሌላው ያ ማስታወቂያ ነው ይላል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አልተፈጠረም። ሰኞ አንዱን ሊመርጥ ያሰበ ሰው ሐሙስም ያንኑ ሊመርጥ ነው ያሰበው። የተለወጠው ስልክ ያነሳው ሰው፣ የጠየቀው ድርጅት ወይም ቁጥሩ የተሰላበት መንገድ ነው። መራጩ የእውነት የሚገለበጥበት ጊዜም አለ። ሁለቱን ለመለየት ጥናቶቹ እንዴት እንደሚሠሩ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ጥቂት ሰዎችን ጠይቆ ስለ ሚሊዮኖች መናገር ይቻላል?

ይቻላል። አጥኚው ድርጅት ከመራጩ ሕዝብ መካከል ጥቂት ሰዎችን ይመርጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሺህ ገደማ ቢሆኑ ነው። እነዚህ ሰዎች ናሙና ይባላሉ። ምርጫው ዛሬ ቢሆን ለማን ድምፅ ትሰጣላችሁ ተብለው ይጠየቃሉ። ከመልሳቸው ተነስቶ የመላው መራጭ ሐሳብ ይገመታል።

ከሰዎቹ ብዛት ይልቅ የሚያሳስበው አመራረጣቸው ነው። እያንዳንዱ መራጭ የመጠየቅ እኩል ዕድል ካለው፣ አንድ ሺህ ሰው ለ100 ሚሊዮን ሕዝብም ይበቃል። አመራረጡ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ግን ሚሊዮኖችን መጠየቅም አያድንም።

በ1936 አሜሪካ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መጠይቅ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። ከዚያም ሪፐብሊካኑ አልፍ ላንደን በሰፊ ልዩነት ያሸንፋሉ ብሎ ጻፈ። የምርጫው ዕለት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርገው ወሰዱ። በዚያው ዓመት የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሉፕ እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናግረው ነበር።

መጽሔቱ አድራሻ የሰበሰበው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነው። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው ኑሮውም ሐሳቡም ከብዙኃኑ ይለይ ነበር። በዚያ ላይ መጠይቁን ሞልቶ የመለሰው ከአራት ሰው አንዱ ያህል ብቻ ነው። ዝም ያሉት ሰዎች የመለሱትን አይመስሉም ነበር። ማን መለሰ፣ ማን ዝም አለ የሚለውን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

«የስህተት ህዳግ 3 ነጥብ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከብዙ ጥናቶች ግርጌ በትንሹ ተጽፎ የሚገኝ፣ ሰው ሁሉ ዘሎት የሚያልፍ ሐረግ ነው። አንድ ሺህ ሰው በዕጣ ተመርጦ ሲጠየቅ የስህተት ህዳጉ ወደ 3 ነጥብ ይሆናል (አንድ ነጥብ ማለት ከመቶው አንዱ ነው)። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ ያንኑ ጥናት በተመሳሳይ ቀን 100 ጊዜ ብንደግመው፣ ከመቶው ወደ 95ቱ ከእውነተኛው ቁጥር ከ3 ነጥብ በላይ አይርቁም። የቀሩት አምስቱ ከዚያም ሊብሱ ይችላሉ። ስለዚህ 48 ያገኘ ዕጩ እውነተኛ ድጋፉ 45ም 51ም ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ነው። 3 ነጥቡ ለአንድ ዕጩ ብቻ ነው። በሁለቱ ዕጩዎች መካከል ያለውን ልዩነት ስናሰላ ህዳጉ ወደ እጥፍ ያድጋል፤ 6 ነጥብ ገደማ ይሆናል። ምክንያቱም አንዱ ከፍ ብሎ በስህተት ሲመዘገብ ሌላው አብሮ ዝቅ ይላል። የሁለት ጥናቶችን ልዩነት እርስ በርስ ስናነጻጽር ደግሞ ህዳጉ ከ8 ነጥብ ያልፋል።

እስቲ የሰኞውንና የሐሙሱን እንየው። ሰኞ ከ1,000 ሰው 480ው አንደኛውን፣ 460ው ሁለተኛውን አሉ። ሐሙስ ተገለበጠ። በእያንዳንዱ ወገን የተንቀሳቀሰው 20 ሰው ነው። መሪነቱ ከ2 ነጥብ ጥቅም ወደ 2 ነጥብ ጉዳት ዞረ፤ በድምሩ 4 ነጥብ። ከ8 ነጥብ በታች ያለ ለውጥ በዕጣ ብቻ ሊመጣ ይችላል ብለናል። ስለዚህ «ተቀናቃኙ መሪነቱን ነጠቀ» የሚለው ርዕስ ምንም መሠረት የለውም። ሁለቱም ጥናቶች የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ተቀራራቢ ናቸው።

ናሙናው ቢበዛስ? ይረዳል፤ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። 2,000 ሰው ቢጠየቅ ህዳጉ ወደ 2.2 ነጥብ ይወርዳል። ህዳጉን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን አራት እጥፍ ማሳደግ ግድ ነው። በተቃራኒው ደግሞ «ወጣቶች ከዱት» የሚል ዜና ስታዩ ጠንቀቅ በሉ። ከ1,000 ሰው ውስጥ ወጣቶቹ 150 ቢሆኑ፣ ለእነሱ ብቻ ያለው ህዳግ 8 ነጥብ ነው። በልዩነታቸው ላይ ሲሆን 16 ይደርሳል። እንዲህ ባለ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ስለ አንድ ትውልድ መፍረድ ነውር ነው።

ገና አልጨረስንም። ይህ የሚጻፈው ህዳግ የሚለካው የዕጣውን ዕድል ብቻ ነው። ትክክለኛው ሰው ስልኩን ባለማንሳቱ፣ ወይም አመርጣለሁ ያለ ሰው ምርጫ ጣቢያ ባለመሄዱ የሚመጣውን ስህተት አይጨምርም። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ከ1998 እስከ 2014 በአሜሪካ ምርጫዎች መዳረሻ የተሠሩ ከ4,000 በላይ ጥናቶችን ከእውነተኛው ውጤት ጋር አስተያየ። እውነተኛው ስህተት ከሚጻፈው ህዳግ ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ግርጌው ላይ 3 ሲል በልባችሁ 6 ብላችሁ ብታነቡት ከእውነቱ አትርቁም።

ስልኩን ያነሳው ማን ነው?

በመጨረሻው ሳምንት ከምናየው ውዥንብር ብዙው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ1997 በስልክ ሊጠይቅ ከሚፈልጋቸው ሰዎች ከመቶው 36ቱ ይተባበሩት ነበር። በ2018 ቁጥሩ ወደ 6 ወረደ። ከመቶ ሰው 94ቱ አይመልስም ማለት ነው። አጥኚው ድርጅት በእነዚህ ስድስት ሰዎች በኩል የመቶውን ልብ ማንበብ አለበት።

ስድስቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆኑ ችግሩ በቀለለ። ግን አይደሉም። ዕጩው ጥሩ ሳምንት ያሳለፈለት ደጋፊ ስለ ፖለቲካ ማውራት ያምረዋል። የሚጠይቀው ሰው ሲደውልለት ደስ ብሎት ይመልሳል። ዕጩው የተዋረደበት ደጋፊ ግን ስልኩ ሲጮህ አይቶ ያልፈዋል። ይህ ሰው ሐሳቡን አልቀየረም። የምርጫው ዕለት ተሰልፎ ለዚያው ዕጩ ድምፁን ይሰጣል። በዚያች ሳምንት ጥናት ውስጥ ግን የለም።

የ2012ቱ የአሜሪካ ምርጫ ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ኦክቶበር 3 ቀን ባራክ ኦባማና ሚት ሮምኒ ዴንቨር ላይ ተከራከሩ። ኦባማ ተቀዛቅዘው ታዩ፤ የራሳቸው ደጋፊዎች ሳይቀሩ ተበሳጩ። ከክርክሩ በፊት በፒው ጥናት ኦባማ በ8 ነጥብ ይመሩ ነበር። ከክርክሩ በኋላ በወጣው የፒው ጥናት ሮምኒ በ4 ነጥብ መሩ። ተቋሙም ያው፣ ጥያቄውም ያው ነው፤ የ12 ነጥብ ግልብጥ። ሚሊዮኖች በአንድ ምሽት ልባቸውን ቀየሩ ተባለ።

በዚያው ጊዜ ሌሎች ተመራማሪዎች በኤክስቦክስ ጌም መጫወቻ በኩል ሰዎችን በየቀኑ ይጠይቁ ነበር። የእነሱን ጥናት ልዩ የሚያደርገው ያንኑ ሰው ደጋግመው መጠየቃቸው ነው። ስለዚህ እገሌ ባለፈው ሳምንት ምን ብሎ ነበር፣ ዛሬስ ምን አለ ብለው ማየት ይችላሉ። የስታቲስቲክስ ሊቁ አንድሩ ጌልማንና ባልደረቦቻቸው ይህንን መረጃ ሲመረምሩ ያገኙት ነገር አስገራሚ ነበር። ከኦባማ ወደ ሮምኒ የዞረው ሰው ጥቂት ነው። በብዛት የተለወጠው የመላሾቹ ስብጥር ነው። ከክርክሩ በኋላ የኦባማ ፓርቲ ዴሞክራቶች መጠይቁን መሙላት ቀነሱ፤ የሮምኒ ፓርቲ ሪፐብሊካኖች ጨመሩ። ስብጥሩ ሲስተካከል ግልብጡ አብዛኛው ጠፋ። ኦባማ ኖቬምበር 6 ቀን በ4 ነጥብ ገደማ አሸነፉ።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ መፈተሻ እናገኛለን። አንድ ዕጩ ድንገት ብዙ ነጥብ ሲዘል፣ በጥናቱ ውስጥ ራሳቸውን የዚያ ፓርቲ ደጋፊ ያሉ ሰዎች ብዛትም አብሮ ዘሎ እንደሆነ እዩ። ጥሩ ድርጅቶች ይህን ቁጥር ያትማሉ። አብሮ ከዘለለ፣ የምታዩት የመላሾችን ስሜት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የመራጩ ውሳኔ ባለበት ሊሆን ይችላል።

መረጃው አንድ ሆኖ ውጤቱ ሊለያይ ይችላል?

አዎ፤ ይህንንም በተግባር የፈተኑት አሉ። አጥኚ ድርጅት የሰበሰበውን መልስ እንዳለ አያትምም። የመለሱት ሰዎች ውስጥ አረጋውያን በዝተው ወጣቶች አንሰው ከሆነ፣ የወጣቶቹን መልስ ክብደት ይጨምርና የአረጋውያኑን ይቀንሳል። በጾታም፣ በትምህርት ደረጃም፣ በመኖሪያ ቦታም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ማመዛዘን ይባላል። ማጭበርበር አይደለም፤ ያለ እሱ ጥናቱ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ሌላ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ከነዚህ ሰዎች ውስጥ የእውነት ወጥቶ የሚመርጠው የትኛው ነው? ሁሉም እመርጣለሁ ይላል፤ ሁሉም ግን አይሄድም። አንዳንዱ ድርጅት ሰውየው ባለፉት ምርጫዎች ድምፅ ሰጥቶ እንደሆነ መዝገብ ያያል። ሌላው የራሱን ቃል ይቀበላል። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ብዙ ድርጅቶች «ከተመዘገቡ መራጮች» ወደ «ሊመርጡ ከሚችሉ መራጮች» ስሌት ይዞራሉ። በዚያ ሳምንት ቁጥሩ ቢንቀሳቀስ፣ የተንቀሳቀሰው ስሌቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በሴፕቴምበር 2016 ኒውዮርክ ታይምስ አንድ ሙከራ አደረገ። ፍሎሪዳ ውስጥ 867 ሊመርጡ የሚችሉ ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ጋዜጣው ጥሬ መረጃውን ለአራት የታወቁ የባለሙያ ቡድኖች ሰጠና በየራሳችሁ መንገድ አስሉት አላቸው። እሱም ከሲየና ኮሌጅ ጋር የራሱን ስሌት ሠራ። አምስት ውጤት ወጣ። አንዱ ሂላሪ ክሊንተን በ4 ነጥብ ይመራሉ አለ፣ ሌላው በ3፣ ሁለቱ በ1። አምስተኛው ዶናልድ ትራምፕ በ1 ነጥብ ይመራሉ አለ። የተጠየቁት ሰዎች እነዚያው፣ መልሳቸውም ያው። የስህተት ህዳግ የሚባለው እዚህ ውስጥ የለበትም፤ ናሙናው አንድ ነውና። የ5 ነጥቡ ልዩነት የመጣው ከባለሙያዎቹ ውሳኔ ብቻ ነው። አንዳቸውም አላጭበረበሩም።

ለዚህ ነው የአንዱን ድርጅት የሰኞ ጥናት ከሌላው ድርጅት የሐሙስ ጥናት ጋር አስተያይቶ «ለውጥ መጣ» ማለት የማይሆነው። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ዝንባሌ አለው። ለውጥ መኖሩን ማየት ከፈለጋችሁ ያንኑ ድርጅት ከራሱ የቀድሞ ጥናት ጋር አስተያዩ።

ታዲያ መጨረሻ ሰዓት ላይ ልቡን የሚቀይር መራጭ የለም?

አለ። በ1948 የአሜሪካ ምርጫ አጥኚዎቹ ቶማስ ዱዊ ሃሪ ትሩማንን በቀላሉ ያሸንፋሉ ብለው እርግጠኛ ስለነበሩ ከምርጫው ቀን ቀደም ብለው መጠየቅ አቆሙ። ኤልሞ ሮፐር የተባሉት ታዋቂ አጥኚ ገና በሴፕቴምበር ከዚህ በኋላ ቁጥር ማውጣት አያስፈልግም አሉ። መራጩ ግን ማሰቡን አላቆመም። ትሩማን አሸነፉ። በ1980 ደግሞ ጂሚ ካርተርና ሮናልድ ሬገን ያደረጉት ብቸኛ ክርክር ኦክቶበር 28 ቀን ነበር፤ ምርጫው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው። ብዙ ጥናቶች ፉክክሩ ጠባብ ነው ይሉ ነበር። ሬገን ወደ 10 ነጥብ በሚጠጋ ልዩነት አሸነፉ።

በ2016 ብዙዎች ሳይጠብቁት ትራምፕ ክሊንተንን ያሸነፉበትን ምርጫ የአሜሪካ አጥኚዎች ማኅበር በዝርዝር መርምሮታል። በዊስኮንሲን፣ በፔንሲልቬንያና በፍሎሪዳ ወደ 13 በመቶ የሚሆነው መራጭ የወሰነው በመጨረሻው ሳምንት ነው። በዊስኮንሲን እነዚህ ሰዎች በ30 ነጥብ ገደማ ወደ ትራምፕ አጋደሉ። ከዚያ በፊት የተጠየቀ ሰው ሁሉ በሐቀኝነት መልሶ እንኳ ጥናቱ ይሳሳት ነበር።

እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ከአንዱ ወደ ሌላው የተገለበጡ አይደሉም። ያልወሰኑ ወይም ያመነቱ ነበሩ። ስለዚህ ከመሪው ቁጥር እኩል ያልወሰኑትን ቁጥር እዩ። 51 ለ47 እና 44 ለ40 ሁለቱም የ4 ነጥብ መሪነት ናቸው። በመጀመሪያው ውስጥ የቀረው 2 በመቶ ብቻ ነው። በሁለተኛው ውስጥ 16 በመቶው ገና ልቡ አልቆረጠም። እነዚህ ሁለት ጥናቶች በጭራሽ አንድ ዓይነት ዜና ሊሆኑ አይገባም።

እውነተኛ ለውጥ ምልክቶች አሉት። ከአንድ በላይ ድርጅት፣ እያንዳንዱ ከራሱ የቀድሞ ጥናት ሲነጻጸር፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ያልወሰኑት ቁጥር ይቀንሳል። ለውጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ አይጠፋም።

አማካዩን ብናይ አይበቃም?

ከአንድ ጥናት የአሥር ጥናቶች አማካይ ይሻላል። የዕጣው ስህተት እርስ በርስ ይጣፋል፤ አንዱ ወደ ላይ ሲሳሳት ሌላው ወደ ታች ይሳሳታል። ነገር ግን ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከተሳሳቱ አማካይ ምንም አይፈይድም። 2 ኪሎ የሚጨምር ሚዛን ላይ አሥር ጊዜ ብትወጡና አማካዩን ብታወጡ፣ የምታገኙት ያንኑ 2 ኪሎ የበዛ ክብደት ነው።

በ2015 እንግሊዝ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ጥናቶች ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች፣ ኮንሰርቫቲቭና ሌበር፣ እኩል ናቸው ሲሉ ነበር። ኮንሰርቫቲቭ ከ6 ነጥብ በላይ ቀድሞ ወጣ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ቡድን ዋናው ችግር ናሙናዎቹ መራጩን አለመወከላቸው ነው አለ። በ2020 አሜሪካ ውስጥ ጥናቶች በአማካይ የጆ ባይደንን መሪነት በ4 ነጥብ ገደማ አጋነኑት። ይህ በ40 ዓመት ውስጥ ትልቁ ስህተት ነበር። በስልክ ጠይቀውም፣ በኢንተርኔት ጠይቀውም ያው ነው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ምርጫው ሲቀርብ ጥናቶቹ ከመጠን በላይ ሲመሳሰሉ አንዳንዴ ጥሩ ምልክት አይደለም። በ2019 የአውስትራሊያ ምርጫ የመጨረሻዎቹ ጥናቶች በሙሉ፣ ድምፁ ለሁለቱ ዋና ወገኖች ብቻ ተከፋፍሎ ሲሰላ፣ የሌበር ፓርቲ ከ51 እስከ 52 በመቶ ያገኛል አሉ። ሌበር ያገኘው 48.5 ገደማ ነው፤ ተሸነፈ። መሳሳታቸው አንድ ነገር ነው። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን መመሳሰላቸው ነበር። ዕጣ ብቻውን ቁጥሮቹን ከዚያ በላይ መበተን ነበረበት። ባለሙያዎች ይህን ከመንጋው ጋር መጓዝ ይሉታል። ከሌሎች የራቀ ቁጥር ያገኘ ድርጅት ብቻዬን እሳሳታለሁ ብሎ ይፈራል። ስሌቱን ይነካካል ወይም ጥናቱን ሳያወጣው ይቀራል። በመጨረሻው ሳምንት ይህ ፍርሃት ይጨምራል፤ ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ቁጥር ነውና።

ያልፈሩም አሉ። አን ሴልዘር በአዮዋ ግዛት ለዓመታት ከሁሉም የተሻለ ጥናት በመሥራት የታወቁ ናቸው። ኖቬምበር 2 ቀን 2024፣ ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ካማላ ሃሪስ በአዮዋ 47 ለ44 ይመራሉ የሚል ጥናት አወጡ። ማንም ያልጠበቀው ነበርና ዓለም ሁሉ ስለዚያ ቁጥር አወራ። ትራምፕ አዮዋን በ13 ነጥብ አሸነፉ። ጥናቱ ክፉኛ ተሳስቷል። እኔ ግን ሴልዘር ያገኙትን ሳይደብቁ ማውጣታቸው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ሁሉም ድርጅት ያገኘውን በሐቅ ቢያወጣ አማካዩ ይሻሻላል። ስህተቱ በአንዲት ጥናት ላይ ተንጠልጥለው ምርጫው አለቀ ያሉት ሰዎች ስህተት ነው። ከሌሎች የራቀች ጥናት ስታዩ አትጣሏት፤ ከሌሎቹ ጋር ደምሯት።

«70 በመቶ የማሸነፍ ዕድል አለው» ማለት በ70 ለ30 ያሸንፋል ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ሌላ ቁጥር ነው። ጥናት ስንት ሰው ይደግፈዋል ይላል። ትንበያ ደግሞ ጥናቶቹን ሰብስቦ የማሸነፍ ዕድሉን ያሰላል። 52 ለ48 የሚመራ ዕጩ 70 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ሊኖረው ይችላል። በ2016 ፋይቭሰርቲኤይት የተባለው የትንበያ ድረ ገጽ ለትራምፕ 29 በመቶ ገደማ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ብዙ ሰው አያሸንፉም ማለት ነው ብሎ አነበበው። ሦስት ጊዜ ቢሞከር አንዱን ያህል የሚሆን ነገር ሲሆን ሊያስደነግጠን አይገባም።

በመጨረሻው ሳምንት አንድ ጥናት እጃችሁ ሲገባ ምን ትጠይቃላችሁ?

መጀመሪያ ሰዎቹ የተጠየቁበትን ቀን ፈልጉ። የታተመበት ቀን አይደለም። ዛሬ የወጣ ጥናት ሰዎችን የጠየቀው ከአምስት ቀን በፊት ሊሆን ይችላል። ትናንት የሆነ ነገር እዚያ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ቀጥሎ ማን አሠራው በሉ። የዕጩዎች ቅስቀሳ ቡድኖች የራሳቸውን ጥናት ያስጠናሉ። መጥፎ የወጣውን መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል፤ የሚያስደስተውን ለጋዜጠኛ ይሰጣሉ። ጥናቱ ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን ከአምስት አንዱ ተመርጦ ነው የደረሳችሁ።

ከዚያ ምርጫው የሚወሰነው የት እንደሆነ አስቡ። በ2016 ክሊንተን በመላ አሜሪካ በ3 ነጥብ ገደማ እንደሚበልጡ የገመቱ ጥናቶች ብዙም አልተሳሳቱም፤ በእርግጥም በ2.1 ነጥብ በለጡ። ፕሬዚዳንትነቱ ግን የሚወሰነው በየግዛቱ ውጤት ነውና፣ ሚቺጋን፣ ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬንያ ላይ ተወሰነ። በሦስቱም ተደምሮ ልዩነቱ 80 ሺህ ድምፅ አይሞላም። የፓርላማ ወንበር ቁጥር በሚወስንባቸው አገሮችም የመላ አገሩ መቶኛ ብቻውን አይበቃም።

አንዳንድ አገሮች በመጨረሻ ቀናት ጥናት ማተምን ይከለክላሉ። ጣሊያን 15 ቀን፣ ኬንያ 5 ቀን፣ ፈረንሳይ ከምርጫው ዋዜማ ጀምሮ። እንዲህ ባለ ጊዜ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞሩ ቁጥሮች ወይ የቆዩ ናቸው፣ ወይ ማንም ያልሠራቸው ናቸው። የድርጅቱን ስም፣ የናሙናውን ብዛትና የተጠየቀበትን ቀን የማይናገር ምስል ቢላክላችሁ አታጋሩት።

ውጤቱ ከጥናቱ ከተለየ ድምፅ ተሰርቋል ማለት ነው?

ይህ ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ የሰው ሕይወት ሊያልፍበት ይችላልና። መልሱ አይደለም ነው። እስካሁን እንዳየነው ጥናት ከውጤቱ በ4፣ በ6፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊርቅ ይችላል። ያውም ማንም ምንም ሳያጭበረብር። ማጭበርበር ሊኖር ይችላል፤ ግን በጥናት ልዩነት አይረጋገጥም።

በ2022 የኬንያ ምርጫ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ኢፕሶስ ያወጣው ጥናት ራይላ ኦዲንጋን 47፣ ዊልያም ሩቶን 41 በመቶ ሰጥቶ ነበር። ብዙ ሰው ያየው የ6 ነጥቡን መሪነት ነው። 12 በመቶው ሌላ ቦታ ነበር፤ ያልወሰነ፣ ሊናገር ያልፈለገ ወይም ሌላ ዕጩ የደገፈ። ከዚያ በኋላ ሕጉ አዲስ ጥናት ማተም ስለሚከለክል የመጨረሻዎቹ ቀናት ጨለማ ሆኑ። ኦገስት 9 ቀን ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ሩቶ 50.49፣ ኦዲንጋ 48.85 በመቶ አገኙ። የኦዲንጋን ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ፤ ጥናቱ 47፣ ውጤቱ ወደ 49። በህዳጉ ውስጥ ነው። የሩቶ ግን በ9 ነጥብ ከፍ ብሏል። ያልወሰነውና ያልተናገረው ሰው በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን ሄደ ቢባል ይህን ያብራራል።

ኦዲንጋ ውጤቱን አልቀበልም ብለው ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ያን ጊዜ ለመፈተሽ የሚሆን የተሻለ ነገር ነበር። ከ46 ሺህ በላይ ከሆኑት የምርጫ ጣቢያዎች የውጤት ቅጾቹ ፎቶ ተነስተው ማንም ሊያያቸው በሚችል ድረ ገጽ ላይ ተለጥፈዋል። ጋዜጠኞች፣ ፓርቲዎችና ተራ ዜጎች አንድ በአንድ ደመሯቸው። ፍርድ ቤቱ ቅጾቹን፣ ሰርቨሮቹንና የአንዳንድ ጣቢያዎችን ሳጥን አስመረመረ። ሴፕቴምበር 5 ቀን ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ውጤቱን አጸደቁ።